ከጀልባዋ ሥር ያለው ውሃ

ሬን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ልብሽ እንዴት ነው? የተሰፋው ቦታ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዝሻል ወይስ ተሻለው? ጉልበትሽስ? አስታማሚሽ ሴቭሪን እግርሽን ታሽልሻለች ወይስ እንደ ድሮሽ አልነካም ብለሽ ትቆጫታለሽ? እኛ አለን። ኮሪን ደኅና ናት፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ውሻው እንኳ ደኅና ነው። እኔም ጣራ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ እስካሁን አልወደቅሁም።

ፊደሉን ያተለቅሁት በማጉያ መነጽርሽ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። በስልክ ቢሆን ቶሎ ባለቀ፤ አንቺ ግን ጆሮሽ እንቢ ካለ ወዲህ ስልክ ስትይዢ “ማነው? ማነው?” ትይና ትዘጊብናለሽ። ስለዚህ መጻፍ የማይወደው ልጅሽ ይኸው ይጽፋል።

የላክሽው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። ቁጣሽም አብሮ ደርሶኛል። ወንድምህን ፓሪስ በላችው፣ ትልቅ ሰው ሆነና በእናቱ ማፈር ጀመረ ብለሻል። ከሰኔ ወዲህ እንኳን ሊመጣ አንዲት ካርድ አልላከልኝም፣ አንተም አትመጣም፣ ሁለታችሁም ለሴቭሪን ጥላችሁኝ ጠፋችሁ ብለሻል። ስለ ጎልቬን ሳልም ጠይቀሻል። ሳሉ ለቆታል እማዬ። አሁን አያስለውም።

ደግሞም ኤግዚቢሽኑን ውሰደኝና ልየው፣ ልጄንም ፊት ለፊት ልጠይቀው ብለሻል። እሱን እናያለን። ዶክተሩ መንገድ ይከብዳታል ብሏል።

ካርዱ ግን ይኸው ባለፈው ሳምንት ደርሶሻል፤ ስለዚህ በከንቱ አትቀየሚው። ከመጀመሪያው ኤግዚቢሽኑ ጀምሮ የጥሪ ካርዱ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የመጀመሪያዋ ላንቺ እንደሆነች፣ ከጀርባዋም በእርሳስ ጀልባ ሳይሥል እንደማይልካት ታውቂያለሽ። በርሽን እኮ በእሱ ካርድ ሸፍነሽው እንጨቱ አይታይም። ዘንድሮ የዘገየው ሥራ በዝቶበት ነው።

እንግዲህ ኤግዚቢሽኑን ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት ተከፈተ። ሙዚየሙ ሰፊ ነው፤ ጣራው ዚንክ ነው፤ የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል። ኮሪን ሰው ሁሉ ሥዕል ሊያይ መጥቶ አንተ ቀና ብለህ ጣራ ታያለህ ብላ ጎሸመችኝ።

ገና ከመግቢያው የሕይወት ታሪኩን ግድግዳው ላይ ጽፈውታል። ልጅ ሆኖ ወደቡ ላይ ተቀምጦ መሣል ጀመረ ይላል። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ግን አልጻፉም፤ ማን ነግሯቸው! ያን ጆሮ ረጅሙን እንስሳ፣ ጎመን የሚጨርሰውን፣ አባባ ጀልባው ላይ ስሙ ከተጠራ መረብ አይጥልም ነበር። ጎልቬን ደግሞ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት በወጣ ቀን ገና ከወደቡ ሳይርቁ ጮክ ብሎ ጠራው። አባባ አንድም ቃል ሳይናገር ጀልባውን አዙሮ ተመለሰና ድንጋዩ ላይ አውርዶት ሄደ። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ሲጠብቅ ዋለ። ባሕሩ እንደየቀኑ ልማዱ ሸሸ፣ ሌሎቹ ጀልባዎች ውሃው እስኪመለስ ጭቃው ላይ ተጋደሙ፣ እሱም በከሰል ድንጋዩ ላይ ሣላቸው። አንቺ መጥተሽ ስታገኚው እጁም አፍንጫውም ጠቁሮ ነበር። የሠዓሊነቱ መጀመሪያ ያቺ ቀን ናት፤ ሙዚየሙ ምን ያውቃል።

ክፍሎቹን በየኤግዚቢሽኖቹ ተራ ነው ያዘጋጇቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ያሉት እዚያው በኛ ወደብ፣ በዓሣ ጨረታው አዳራሽ ያሳያቸው ናቸው፤ በጀልባ ቀለም ትራፊ በማኬሬል ዓሣ ሣጥን ክዳን ላይ የሣላቸው። ያን ቀን አዳራሹ ገና አልታጠበም ነበር፤ ከሚዛኑ በላይ በሚስማር ሰቀላቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ጭነታቸውን አራግፈው ከነቦት ጫማቸው ገቡና ሳቁበት። ኤርላን፣ የጎረቤታችን፣ “ምነው ጎልቬን፣ ጀልባዎቻችንን ሁሉ ፈጀሃቸው እኮ፣ አንድ እንኳ የቆመ የለም” አለው። ሌላው ደግሞ የኔ ጀልባ መሪ እንዲህ አይደለም ብሎ ሲጨቀጭቀው ብሩሽ አምጥቶ እዚያው በተሰቀለበት አስተካከለለት። አባባ እጁን ኪሱ ከትቶ ሁሉንም ዞሮ አየና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ እንዳይጋደም ስታገል ኖሬ ልጄ የተጋደመ ብቻ ይሥላል አለ። የተቆጣ መስሎን ነበር። ሲወጣ ግን አንዱን ክዳን በብብቱ ይዞ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

የናንት ከተማው ቀጥሎ ነው፤ አንቺ የመጣሽበት። ያ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ሲያብራራ ከኋላው ሆነሽ “ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ የማኬሬል ሣጥን ነው፤ ያሽትቱት” አልሽው። ሰውዬውም አሸተተ። ገዛውም። ጎልቬን ከዚያ ወዲያ ሻጬ እናቴ ናት እያለ በየሄደበት ያወራ ነበር። አንቺ ራስሽ እኮ ለምን ትንሽ ውሃ አትጨምርበትም ብለሽ ነዝንዘሽዋል። “ውሃውንማ ሁሉም ይሥለዋል እማ፤ እኔ የሚጠብቁትን ነው የምሥለው” ነበር መልሱ። በሙዚየሙ ሁሉ ብትዞሪ አንዲት ጠብታ ውሃ አታገኚም።

ከዚያ የፓሪሱ ጋለሪ። ማዳም ቴሪየ፣ የጋለሪው ባለቤት፣ ክዳኑ ጨው ይተፋል፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ይሸታል፣ ሸራ ላይ ሣል አለችው። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ላይ ሣለ። ሲሰቀል የሌላ ሰው ሥራ መሰለ፤ ማንም አልገዛው። በመክፈቻው ማግስት ጠቅልሎ አመጣና ጀልባህን ሸፍንበት ብሎ ለኤርላን ሰጠው። ሙዚየሙ ዘንድሮ ፈልጎ ፈልጎ አንዱን ብቻ አገኘ፤ የሞተር ዘይት ፈስሶበታል። በመስታወት ውስጥ አድርገው ከፊቱ ገመድ ዘርግተውለታል። ኤርላን ቢያየው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከዚያማ ታውቂዋለሽ፤ ወደ ክዳኑ ተመለሰ፣ ማዳም ቴሪየም ሽታውን ለመደችው፣ ብራሰልስ፣ ጄኔቫ፣ ጃፓን ድረስ ጠሩት። የመጨረሻውን ክፍል አልነግርሽም፤ ደብዳቤው ይረዝማል።

በመክፈቻው ዕለት ጎልቬን በሩ አጠገብ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ነበር። ያን ሰማያዊ ኮቱን ነው የለበሰው። ዳይሬክተሯ ረጅም ንግግር አደረጉ። እሱ አልተናገረም፤ ሰው ፊት መናገር እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ሰዉ በዝቶ ብዙም አላወራነውም። ሰላም በልልኝ ብሏል። ነገ በጠዋት የቤተ ክርስቲያን ጣራ አለብኝ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

እማዬ፣

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው በኪሴ ይዤው ስዞር ሴቭሪን ደወለችልኝ። ጣራ ላይ ነበርኩ። ወርደህ ተቀመጥና ላውራህ አለችኝ፤ ወረድኩ።

ካርዱ የደረሰሽ ዕለት በመነጽርሽ ስታይው ቆየሽ፣ ቀና ሳትዪ ቆየሽ አለችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሰካሽውና “ትልቁ ልጄ ሥዕል ጀምሯል” አልሻት። እሷም ይሄ የጎልቬን ነው እንጂ በምን አወቅሽ ስትልሽ “ውሃ አለው” አልሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ፓሪስ አንድም ጊዜ አላነሳሽም አለችኝ። ትናንት ደግሞ ጥቁሩን ቀሚስሽን ከቁም ሣጥን አውጪና ተኩሺልኝ አልሻት። የት ልትሄጂ ነው ብትልሽ፣ ልጄ እስኪደፍር ልብሱ ይዘጋጅ አልሽ። ሴቭሪን ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። እኔ ስልኩን ይዤ ከመሰላሉ ሥር ቆሜ፣ እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። ሠራተኞቼ ምን ሆነሃል አሉኝ። ምንም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ምንም አልሆንኩም።

የእሑዱን ልቀደው አሰብኩና ተውኩት። እንዴት እንደምዋሽሽ እይው ብዬ አብሬ ልኬዋለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ የሣልኩት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኮሪን መብራቱን አስጠግታልኝ፣ ስንቱን ካርድ አበላሸሁ መሰለሽ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለኛ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ጣራ ላይ መስመር ሳቀና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ የተጋደመ ነገር አይሠራም። ጀልባዋን ቀጥ አድርጌ ሣልኳት። ቀጥ ብላ ደግሞ ጭቃ ላይ አትቆምምና ከሥሯ ውሃ አደረግሁላት። ሳላስበው ነው። ፖስታ ቤት ካስገባሁት በኋላ እንኳ አላወቅሁትም፤ ሴቭሪን ስትነግረኝ ነው የገባኝ።

ካርዱን ያስላከኝ ያ ቁራጭ ወረቀትሽ ነው። ልብሽ በተከፈተበት ሰሞን ዶክተሩ ድንጋጤ እንዳያገኛት አለን። እኔና ኮሪን ተመካከርን። አንድ ሳምንት ትጠንክር አልን፣ ከዚያ አንድ ወር አልን፣ ከዚያ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር ጠፋን። የመጦሪያ ቤቱን ሠራተኞች ዝም በሉልን ብለን ለመንናቸው። ጋዜጣሽ ላይ ተቀድዶ የጎደለውን ገጽ ሴቭሪን ቡና ፈሰሰበት ያለችሽ እኛ በይ ብለናት ነው፤ በእሷ እንዳትፈርጂ። ሆድ ይፍጀው ብለን ያዝነው። ፈጀንም። ግን አፈረብኝ ያልሽውን ሳነብ፣ ልብሽን አተርፋለሁ ብዬ ልጅሽን እንዳስጠላሁሽ ገባኝ። ያ ትክክል አይደለም። የማታውቂውን ነገር ችዬ ልይዝልሽ እችላለሁ፤ እሱ ላይ ቂም እንድትይዢ ማድረግ ግን አልችልም።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው እማዬ፣ ባንቺ አፍሮ አያውቅም። አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ እሱም ሌላ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እኔ በሁለታችሁ መሀል በመኪና ስመላለስ፣ ገና በሩን ስከፍት እማ ነቃች ወይ ነው የሚለኝ። ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያ ነው። ድምፁ ከተዘጋም በኋላ በቅንድቡ ይጠይቀኝ ነበር። የነቃሽ ዕለት ነቅታለች፣ ሾርባው ጨው የለውም ብላ ነርሷን ተቆጣች አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የሳሌን ምክንያት እንዳትነግሯት ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ከዓመት በፊት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

አንድ ቃል አለ፤ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ስንት ጊዜ አስቀመጥኩት። አባባ ያን ጆሮ ረጅሙን እንደሚፈራው እኔም ያን ቃል ፈራሁት። ከጠራሁት ጀልባው ከነሰዉ የሚሰምጥ ይመስለኛል። አንቺ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነሽ፤ አንዳንድ ነገር ስሙ ሳይጠራ እንዴት እንደሚወራ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

በመክፈቻው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር ያልኩሽን ተይው። የቆምኩት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሯ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይቁም አሉ። ሰማያዊ ኮቱንም የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻው ጠቦኝ ኮሪን ተርትራ አሰፋችልኝ። ማዳም ቴሪየ ስትገባ አየችኝና ባለችበት ቀረች። ለትንሽ ጊዜ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ጠቆረ። ይቅርታ፣ ኮቱ ነው አለችኝ። ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ እጄን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ዝቅ ብሎ ይነግረኛል፣ ከዚያ ወደ ነጩ ወይን ይሄዳል። እኔ አመሰግናለሁ እላለሁ። ሁሉም እጅ አንድ ዓይነት ነበር።

ምንም አይሰማኝም እማዬ። ይህን ለኮሪን እንኳ እንዲህ አድርጌ አልነገርኳትም። ከሰኔ ወዲህ የምበላው ሁሉ አልጫ ነው፤ ጨው ረሳሽ እላታለሁ፣ ቀምሳ አለው ትለኛለች። አላለቀስኩም። ሳጥኑን ስንሸከም እንኳ ያሰብኩት ደረጃው ጠባብ ነው፣ ማዕዘኑ ግድግዳውን እንዳይፍቀው ነው። ድሮ ጣራ ጫፍ ላይ ስደርስ ገመዴን ሁለቴ እፈትሽ ነበር፤ አሁን አልፈትሽም። ኮሪን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው ትላለች። ካንቺ የራቅሁትም ለዚህ ነው፤ ፊቴን ካየሽው ወዲያው ታነቢዋለሽ ብዬ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ያልነገርኩሽ የመጨረሻው ክፍል አለ። እዚያ አንድ ሥዕል ብቻ ነው ያለው። የአባባ ጀልባ ሲፈርስ ሳንቃዎቹን ለምኖ አስቀርቷቸው ነበር፤ እነሱን ገጣጥሞ ነው የሣለው፣ ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። የታችኛው ግማሽ ባዶ እንጨት ነው። ሰዎቹ ሆን ብሎ የተወው ነው፣ ባዶነቱ ይናገራል እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀለሙ እኮ አሁንም መሣያ ክፍሉ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ አለ፤ ብሩሹን እንደያዘ ደርቋል፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ልነግራቸው ፈለግሁና ደከመኝ።

በላይኛው ግማሽ በስተቀኝ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ሰው ሥሎ አያውቅም፤ ስንት ገዢ ለምኖት እንቢ ያለ ሰው ነው። ፊቷ አይታይም፣ ወደ ባሕሩ ዞራለች። ሻርፗ ግን ያ ባለ ቢጫ አበባው ነው፤ ከናንት ስትመለሺ ባቡር ላይ የረሳሽው። ከየት አስታወሰው? ሰዉ ይቺ ማን ናት ይባባላል፤ ዳይሬክተሯም ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከአንቺ በፊት ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። መኪናዋን ከኋላ ትራስ አድርጌ አመቻችልሻለሁ፣ በየመንገዱ እየቆምን እንሄዳለን። ዶክተሩን አልጠይቀውም። ልብሽ ካርዱን ችሏል፤ ከካርዱ ወዲህ ያለውን ቀን ሁሉ ብቻሽን ችለሻል፣ እኛ ደግሞ የምንጠብቅሽ መስሎን እንቅልፍ ስናጣ። ሴቭሪንም አብራን ልሂድ ብላለች፤ እሺ በያት፣ ትወድሻለች። በመንገድ ላይ ብትፈልጊ አውሪኝ፤ ባትፈልጊ ዝም እንበል። ብትመቺኝም አልከፋም፤ ብትመቺኝ ምናልባት ይሰማኛል።

አንድ ነገር ብቻ። ሙዚየሙ በር ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ አንቺም ያለ መነጽር ታነቢዋለሽ። ከስሙ ሥር ሁለት ዓመተ ምሕረት አለ። ከኔ ሳትሰሚ ድንገት ከፊቱ እንዳትቆሚ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ሁለተኛውን እጄን ይዘሽ አብረን እናነበዋለን።

እስከዚያ እግዚአብሔር ልብሽን በመዳፉ ይያዝልኝ። ሌሊትሽን ያሳጥርልሽ፣ ጉልበትሽን ለመንገዱ ያበርታልሽ፤ ለኔ ሲል ያቆይሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ